«ጠባዩ ነው» አትበሉን

በነታንያ ባለ ማርሽ ሞተር ሳይክል የሚነዳ ሰው ሁሉ አንድ መልስ ሰምቶ ያውቃል። ሞተሩ በሚኒሞ ቆሞ ሲሠራ ከቀኝ ጎኑ ይንኮሻኮሻል። ማርሽ አስገብቶ የክላቹን ማንሻ ሲለቅ ደግሞ ቀስ ብሎ መያዝ የሚገባው ነገር ዝም ብሎ ይቆይና በድንገት ንጥቅ ያደርገዋል። ምን ሆነብኝ ብሎ ሲጠይቅ ጓደኛውም፣ ሞተሩን የሸጠለትም፣ በጋራዥ በር ላይ እጁን በጨርቅ የሚወለውለውም ተማክረው የተነሡ ይመስል አንድ ነገር ይነግሩታል፦ «ስሊፐር ክላች ነው፤ ጠባዩ ነው። እስኪያልቅ ንዳው፤ ሲያልቅ ሙሉውን ትቀይረዋለህ።»

ይህ ከአንድ ሰው አፍ ብቻ የወጣ ቢሆን ባለፍኩት ነበር። ግን የሁሉም ቃል ሆኗል። አገር ቤት ፍሪሲዮን፣ እዚህ ክላች የምንለው ዕቃ የማይመረመርና የማይጠገን፣ እስኪሞት የሚታገሡት፣ ከዚያም አውልቀው የሚጥሉት ነገር ነው የሚል እምነት ሰፍኗል። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። የሚጮኽና የሚነጥቅ ስሊፐር ክላች የሚከፈት፣ የሚለካ፣ አብዛኛውን ጊዜም የሚድን ዕቃ ነው። ሳይከፍቱ «ጠባዩ ነው» ማለት ሰውን በማይታመን ሞተር ላይ አስቀምጦ መንገድ ላይ መልቀቅ ነው።

የሚቃወሙኝን ሰዎች ክርክር ሳላሳንስ ላስቀምጠው፤ ከልምድ የተነሣ ስለሆነ ንቆ ማለፍ አይገባም። ከፋብሪካ ሲወጡ ጀምሮ የሚጮኹ ክላቾች አሉ ይላሉ፤ የዱካቲን ደረቅ ክላች ይጠቅሳሉ። ስሊፐር ከተራው ክላች ይልቅ ብዙ ተንቀሳቃሽ ክፍል ስላለው ክፍተቱም ድምፁም ይበዛል፤ በፍጥነት ማርሽ ሲቀነስ ማንሻው በእጅ ውስጥ ትር ትር ማለቱም የሥራው ምልክት እንጂ ሕመም አይደለም ይላሉ። ከዚያ ወደ ኪስ ይመጣሉ፦ በእስራኤል የመካኒክ ሰዓት ውድ ነው፤ የሞተር የግዴታ ኢንሹራንስም ቀድሞ ኪስን አራቁቶታል። ከፍቶ፣ አጥቦ፣ ለክቶ፣ መልሶ መግጠም ጊዜ ይበላል። ሞተሩን ለሥራ የሚጠቀም ልጅ ሞተሩ በቆመ ቁጥር ገቢው ይቆማል። ስለዚህ ሙሉ አዲስ ዕቃ ገጥሞ መገላገል ይሻላል። ያለ እውቀት የከፈቱት ሰዎችም ከነበረው አብሰው ነው የመለሱት ይላሉ።

ከእነዚህ አንዱም ውሸት አይደለም። ስህተቱ ከእነሱ ተነሥተው የደረሱበት መደምደሚያ ነው።

ከዱካቲ ልጀምር፤ የ«ጠባዩ ነው» አባት እሱ ነውና። የዱካቲ ደረቅ ክላች ይጮኻል። የሚጮኸው ግን ደረቅ ስለሆነ ነው። ዲስኮቹ በዘይት አይነከሩም፤ ማንሻው ሲጨበጥ የያዛቸው ጭነት ይላላና በቅርጫታቸው ውስጥ እየተላጉ ይንኮሻኮሻሉ። ይህን ድምፅ የሚወዱ አሉ፤ ይውደዱት። ነገር ግን ፋብሪካው ራሱ በ2010 ሙልቲስትራዳ 1200ን፣ በ2012 ደግሞ 1199 ፓኒጋሌን በዘይት የሚነከር ክላች አድርጎ አወጣቸው። ደረቁ ዛሬ የቀረው እንደ ፓኒጋሌ ቪ4 አር ላሉ ለውድድር ለተጠጉ ጥቂት ሞተሮች ነው። በሄርጽል ጎዳና ከሚያልፉት ሞተሮች ስንቱ ነው ደረቅ ክላች ያለው? የአብዛኞቻችን ክላች ዘይት ውስጥ ተነክሮ የሚሠራ ነው። ዘይት ድምፅን የሚያፍን፣ ሙቀትን የሚወስድ፣ አያያዝን የሚያለሰልስ ነገር ሆኖ ሳለ፣ በዘይት ውስጥ ያለ ክላች እንደ ደረቁ ሲጮኽ «እንደ ዱካቲ ነው» ብሎ ማለፍ ከየት የመጣ ሎጂክ ነው?

ስሊፐር የውድድር ሞተር ምስጢር ነው፣ እኛ ምን አገባን የሚሉም አሉ። ይህም ጊዜው ያለፈበት ወሬ ነው። ሆንዳ በ1983 ቪኤፍ750ኤፍ በተባለው የመንገድ ሞተሩ ላይ ከኋላ ጎማ ወደ ሞተር የሚመጣውን ጉልበት የሚቀንስ ክላች ገጥሞ ሸጧል። ካዋሳኪ ኒንጃ 300ን ሲያወጣ ስሊፐሩ ወደ ትንንሾቹ ሞተሮች ወረደ። ኬቲኤም በዱክ 390 ላይ፣ ሆንዳ በ2019 የሲቢ500 ቤተሰብ ላይ አደረገው። እነዚህ እዚህ አገር በኤ1 መንጃ ፈቃድ፣ ማለት እስከ 35 ኪሎዋት በተፈቀደው ክፍል፣ የሚነዱ የዕለት ተዕለት ሞተሮች ናቸው። የሃያ ዓመት ልጅ ለሥራና ለትምህርት ቤት የሚጠቀምበትን ዕቃ «የውድድር ነው፣ አይነካም» ማለት ለማን ይጠቅማል? (የስኩተር ክላች ሌላ ነገር ነው፤ ስለ እሱ አልናገርም።)

ውስጡን እንየው። ሁለት ወገን ዲስኮች አንዱ በአንዱ ላይ ተደርድረዋል። ፊታቸው የሚይዝ ነገር የተለበጠባቸው ዲስኮች በጥርሳቸው ከውጪው ቅርጫት ጣቶች ጋር ይያያዛሉ፤ ቅርጫቱን ሞተሩ ያዞረዋል። በመካከላቸው ያሉት ልሙጥ የብረት ዲስኮች ከመሃለኛው እምብርት ጋር ይያያዛሉ፤ እምብርቱ ካምቢዮውን ያዞራል። ሞላዎቹ ሁሉንም ተጭነው አንድ ያደርጓቸዋል፤ ማንሻው ሲጨበጥ ጭነቱ ይነሣል። እስከዚህ ድረስ ተራ ክላች ነው። ስሊፐሩ የሚጨምረው ተዳፋት ነው፦ በእምብርቱና በላይኛው መጫኛ መካከል ሰያፍ ሆነው የተቀረጹ ፊቶች። በብዙዎቹ የዛሬ ስሊፐሮች ሞተሩ ጎማውን ሲገፋ ተዳፋቶቹ ዲስኮቹን ይበልጥ ያጠብቃሉ፤ ለዚህ ነው ሞላዎቹ ቀለል ብለው ማንሻው ለእጅ የሚለዝበው። ጎማው መልሶ ሞተሩን ለማዞር ሲሞክር ደግሞ ተዳፋቶቹ በተቃራኒው ይንሸራተቱና መጫኛውን ትንሽ ያነሡታል፤ ዲስኮቹ ይንሸራተታሉ፤ የኋላው ጎማ ከመቆለፍና ከመዝለል ይድናል። ሞላ፣ ዲስክ፣ ተዳፋት፤ ከዚህ ውጪ የታሸገ ምስጢር የለበትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ጠቅላላው ክርክር የሚወድቀው እዚህ ነው። «ጠባዩ ነው» የሚሉ ሰዎች ጩኸትንና መንጠቅን አንድ አድርገው ያያሉ። ሁለቱ ግን የተለያዩ ምልክቶች ናቸው፤ መነሻቸውም ይለያያል፤ አንዳንድ ጊዜም አንዱ ሲቀንስ ሌላው ይጨምራል።

ጩኸቱን በጆሮ መመርመር ይቻላል፤ ገንዘብ አይፈልግም። ሞተሩን አሙቃችሁ በፎሌ እየሠራ ተዉት። መጀመሪያ ማንሻውን ሳትነኩ ስሙ፣ ከዚያ ጨብጣችሁ ስሙ። ሲጨበጥ የሚጀምር የማፏጨት ወይም የመፋጨት ድምፅ ወደ መልቀቂያው ኩሽኔታ ያመለክታል፤ እሱ ደግሞ ከሙሉው ዕቃ ዋጋ አጠገብ እንኳ የማይደርስ ትንሽ ነገር ነው። ሳይጨበጥ የሚሰማ፣ ሲጨበጥ የሚጠፋ ጉርምርምታ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ካምቢዮው ዘንግና ወደ ኩሽኔታዎቹ ይሄዳል፤ ይህ ከክላቹ ውጪ ያለ ከባድ ጉዳይ ነውና ቶሎ ይታይ። በሚኒሞ የሚንኮሻኮሽ፣ ነዳጅ ትንሽ ሲሰጠው ዝም የሚል ከሆነ ደግሞ የሞተሩ ምት ራሱ ያልተስተካከለ ሊሆን ይችላል። ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር የአየር ማስገቢያዎቹ ካልተመጣጠኑ በሚኒሞ እየተንገጫገጨ ይሄዳል፤ ያ ንግጭት በቅርጫቱ ጣቶችና በዲስኮቹ ጥርስ መካከል ያለውን ክፍተት ያንኳኳዋል። እንዲህ ባለው ሞተር ላይ ሙሉ አዲስ ክላች ብትገጥሙ ምን ታተርፋላችሁ? ማመጣጠኑ ካልተሠራ አዲሱም ብዙም ሳይቆይ ያንኑ ዜማ ይይዛል።

መንጠቁ ሌላ ነው። ዲስኮቹ በቅርጫቱ ጣቶች ላይ ወደ ውስጥና ወደ ውጪ እየተንሸራተቱ ነው የሚሠሩት። ሺህ ጊዜ ሲመቱት አልሙኒየሙ ጣት ላይ የየራሳቸውን ጎድጓዳ ይቀርጻሉ። ማንሻው ሲለቀቅ ዲስኮቹ በመንሸራተት ፈንታ በጎድጓዳው ተይዘው ይቆያሉ፤ የሞላው ጉልበት ሲያሸንፋቸው አንድ ላይ ይለቃሉ። ያ ነው ንጥቂያው። የብረት ዲስክ በሙቀት ሲጣመምም፣ የተለበጠው ዲስክ ተቃጥሎ እንደ መስታወት ሲያበራም፣ ገመዱ ደርቆ በሽፋኑ ውስጥ ሲንቀረፈፍም ክላቹ ይነጥቃል። የስሊፐሩ ብቻ የሆነ ምክንያትም አለ፦ የተዳፋቶቹ ፊት ሲቦረቦር ወይም የተቃጠለ ዘይት ቅርፊት ሲይዝ መጫኛው በዝግታ አይነሣም፤ ይጣበቅና በአንድ ጊዜ ይስፈነጠራል።

ጎድጓዳው ቀላል ከሆነ ጣቶቹን በጠፍጣፋ ሞረድ እኩል አድርጎ ማለስለስ የቆየ የመካኒክ ሥራ ነው። መካኒኮች እንደ ልማድ የሚይዙት ልክ ጥልቀቱ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ቅርጫቱ ይቀየር። ነገር ግን ስትሞርዱ ክፍተቱ ይሰፋል፤ ሲሰፋ ድምፁ ከፍ ሊል ይችላል። ማለትም በደንብ የተሠራ ክላች ከበፊቱ ይልቅ ትንሽ እየጮኸ፣ አያያዙ ግን እንደ ቅቤ የለሰለሰ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። በተቃራኒው፣ ዲስኩ ጎድጓዳው ውስጥ ተቀርቅሮ ዝም ያለ ክላች ሊነጥቅ ይችላል። ታዲያ ጩኸቱን ብቻ ሰምቶ «ደህና ነው» ወይም «ሞቷል» ብሎ የሚፈርድ ሰው በምን መዝኖ ነው የፈረደው?

ለዚህ ነው ድምፅ ሁሉ በሽታ ነው የማልለው። ማንሻው በጠንካራ ማርሽ መቀነስ ጊዜ ትር ትር ማለቱ የስሊፐሩ ሥራ ነው፤ በዚህ ተቃራኒዎቼ ትክክል ናቸው። በቀዝቃዛ ጠዋት የመጀመሪያው ማርሽ ሲገባ ጓ ማለቱም ብዙ ጊዜ ዲስኮቹን በዘይት ያጣበቀ ሌሊት ነው። እነዚህን ማወቅ ያስፈልጋል። ግን ጤነኛውን ከታመመው የሚለየው ምርመራ ነው። «ጠባዩ ነው» የሚለው ቃል ደግሞ ምርመራውን ከመጀመሩ በፊት የሚዘጋ ቃል ነው።

ስለ አደጋው ልናገር፤ ይህን ሁሉ የምጽፈው ለእሱ ነው። በዚህ የባሕር ዳርቻ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ዝናብ የለም ማለት ይቻላል። የስድስት ወር ዘይት፣ የጎማ ብናኝና አቧራ መንገዱ ላይ ይከማቻል። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ያ ሁሉ ተሟሙቶ አስፋልቱን ሳሙና ያደርገዋል፤ በዚህ አገር የሚነዳ ሁሉ ያውቀዋል። በዚያ ቀን አንድ ልጅ ከቴል አቪቭ መልስ በመንገድ 2 መጥቶ ወደ ፖሌግ መውጫ ይገባል። ፊቱ ያለው መኪና ፍሬን ይይዛል። ልጁ ሁለት ማርሽ ይቀንሳል፤ ስሊፐር አለኝ ብሎ ያምናል። ተዳፋቱ ተቦርቡሮ ከሆነ ክላቹ በሚፈለግበት ቅጽበት አይንሸራተትም፤ የሞተሩ መጎተት ሁሉ በእጅ መዳፍ በምታክል የጎማ ገጽ ላይ ይወድቃል። ጎማው ይዘላል ወይም ይቆለፋል፤ ኋላው ወደ ጎን ይሄዳል። ወይም ከተማ ውስጥ፣ በረጠበ የእግረኛ ማቋረጫ ነጭ ቀለም ላይ ቆሞ አረንጓዴ ሲበራ ማንሻውን ይለቃል፤ ክላቹ ይነጥቃል፤ ጎማው ቀለሙ ላይ ይሽከረከራል። ይህን ልጅ «ጠባዩ ነው» ብሎ የመለሰው ሰው በዚያ ቅጽበት የት ነው ያለው?

«ቴስት አልፏል» የሚል ካለ፣ የዓመቱ ቴስት ፍሬን፣ መብራትና ጎማ ያያል እንጂ የክላቹን ክዳን ፈትቶ ዲስክ አይለካም።

ሌላው ክርክር አይጠገንም የሚለው ነው። ለዚህ መልሱ በፋብሪካው የጥገና መጽሐፍ ውስጥ ተጽፏል። የጃፓን ሞተር መጽሐፍ ክፈቱ፤ የተለበጠው ዲስክ ውፍረት አዲስ ሲሆን ስንት፣ መጨረሻው ስንት እንደሆነ፣ የብረት ዲስኩ የጠመመበት ልክ ከስንት ማለፍ እንደሌለበት፣ የሞላው ርዝመት እስከ ስንት ማጠር እንደሚችል በሚሊሜትር ተጽፎ ታገኛላችሁ። የማይለካና የማይጠገን ዕቃ ቢሆን የሠራው ፋብሪካ እነዚህን ቁጥሮች ለማን ብሎ አሳተማቸው?

መሣሪያውም ሩቅ አይደለም። ዲስኩን በካሊፐር ትለካላችሁ። የብረት ዲስኩን በወፍራም መስታወት ላይ አስተኝታችሁ ከሥሩ ስስ የክፍተት መለኪያ ታሾልካላችሁ፤ ገብቶ ከሄደ ጠሟል። ሞላዎቹን ጎን ለጎን ታቆማላችሁ፤ አጥሮ የተገኘ ካለ ሁሉም አብረው ይቀየራሉ። እምብርቱንና መጫኛውን በእጅ ይዛችሁ አንዱን በአንዱ ላይ ታዞራላችሁ፤ ተዳፋቱ ሳይንገራገጭ መውጣትና መውረድ አለበት። ብዙዎቹን ሞተሮች በግራ ጎናቸው በደንብ ካዘነበላችሁ ዘይቱን ሳታፈሱ ክዳኑን መክፈት ይቻላል፤ ጓርኒሲዮኑ ግን አዲስ ይሁን።

ከሰፈራችን ልጆች የአንዱ ሞተር አራት መቶ ሲሲ የሚጠጋ፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር ነው። ሙሉ ክላች እንዲቀይር ተነግሮት ነበር። ዋጋውን ሲሰማ ሞተሩን ለመሸጥ ተነሣ። አብረን ከፈትነው። የተለበጡት ዲስኮች ተለኩ፤ ሁሉም ከገደቡ በላይ ነበሩ፣ ገና ብዙ ይሠራሉ። ከብረት ዲስኮቹ መካከል ግን እንደ ርግብ አንገት ሰማያዊ ያበሩ ነበሩ፤ መስታወቱ ላይ ሲቀመጡ ይናወጣሉ። የቅርጫቱ ጣቶች ላይ ጥፍር የሚያደናቅፍ ጭረት አለ፣ ጥልቅ አይደለም። ከሁሉ የገረመኝ መጨረሻ ላይ የወጣው ነገር ነው። በብዙ ሞተሮች ከታችኛው ዲስክ ሥር እንደ ጎድጓዳ ሳህን ትንሽ የተቆለመመች ስስ የብረት ቀለበት አለች፤ ሥራዋ ክላቹ ሲይዝ የመጀመሪያውን ግጭት ማለዘብ ነው። ከዚያ በፊት ሞተሩን የከፈተ ሰው ገልብጦ አስገብቷታል። ልጁ በየማርሹ የሚነጠቀው በዋነኛነት በእሷ ምክንያት ነበር። የጠመሙት ብረቶች ተቀየሩ፣ ጣቶቹ ተሞረዱ፣ ቀለበቷ በትክክለኛ ፊቷ ገባች። ሞተሩ አሁንም በሚኒሞ ትንሽ ይንኮሻኮሻል። አይነጥቅም።

ይህ ታሪክ ያለ እውቀት የከፈቱት አብሰው መለሱት የሚለውን ክርክር የሚያጠናክር ሊመስል ይችላል። አዎን፣ የገለበጣት ሰው አበላሽቷል። መድኃኒቱ ግን መክፈትን መከልከል ሳይሆን አከፋፈትን ማወቅ ነው፤ አዲስ ዕቃ የሚገጥመውም ሰው ያው ክዳኑን ፈትቶ፣ ያችኑ ቀለበት መልሶ ነው። እውቀት ከሌለው ሙሉውን ሲቀይርም ይገለብጣታል። መጠንቀቅ ያለባቸው ነገሮች የታወቁ ናቸው። ዲስኮቹ የወጡበትን ቅደም ተከተልና ፊት በስልክ ፎቶ አንሡ። በብዙ የጃፓን ሞተሮች የመጨረሻው ዲስክ ጥርስ ከሌሎቹ ተለይቶ በአጠገቡ ባለው አጭር መግቢያ ይገባል፤ ይህን የማያውቅ ይሳሳታል። አዲስ የተለበጠ ዲስክ ሳይነከር አይገጠምም፤ በሞተር ዘይት ውስጥ ማደር አለበት። የሞላዎቹ ቡሎኖች ቀጫጭን ናቸው፤ በመስቀልኛ፣ ቀስ በቀስ፣ መጽሐፉ ባዘዘው ጉልበት ይጠበቃሉ፤ ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 12 ኒውተን ሜትር ነው፣ በእጅ ግምት የሚጠብቅ ይሰብራቸዋል። በስሊፐር ደግሞ የተደረደሩት ዲስኮች ጠቅላላ ቁመት ከተራው ክላች ይበልጥ ወሳኝ ነው፤ ተዳፋቱ የሚያነሣው ርቀት ጥቂት ስለሆነ ቁመቱ ከልኩ ከወጣ ወይ ይንሸራተታል ወይ አይለቅም። ከተለያየ ቦታ የተገዛ ዲስክ ቀላቅሎ መግጠም ስሊፐርን የሚገድለው ለዚህ ነው።

ስለ ገንዘቡ ያነሡትን አልንቅም። የሰው ጊዜ ውድ ነው፤ የልጁም የሥራ ቀን ውድ ነው። ነገር ግን ሒሳቡን ጨርሰን እንሥራው። ክዳኑን መፍታትና መግጠም በሁለቱም መንገድ ይከፈላል። ልዩነቱ በመካከሉ ያለው የመለካት ሥራ ነው፤ ያ ደግሞ የሚያድነው ዕቃ ከሚፈጀው ሰዓት ይበልጣል። ሳይለኩ የገጠሙት አዲስ ክላች የችግሩን መነሻ ካላስወገደ ደግሞ ልጁ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ገመዱ ደርቆ ቢሆንስ? በብዙ የጃፓን ሞተሮች በማንሻው መነሻ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር መሆን ያለበት ልቅነት ጠፍቶ ቢሆንስ? ይህ ቁልፍ ይዞ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። በሃይድሮሊክ የሚሠራ ክላች ከሆነ፣ በባሕር አጠገብ የምንኖር ሰዎች ልንረሳው የማይገባ ነገር አለ፦ ዶት 4 የሚባለው ፈሳሽ ከአየር እርጥበት ይመጥጣል፣ እያደር ይጠቁራል፣ የታችኛውን ሲሊንደር ያዝገዋል፤ ማንሻውም ይጣበቃል። ፋብሪካዎች በየሁለት ዓመቱ ቀይሩት የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም። አንዳንዱ ሞተር ደግሞ በዶት 4 ፈንታ የማዕድን ዘይት ይጠቀማል፤ ሳያነቡ መጨመር ጉሚኒዎቹን ያበላሻል።

ወፍራም ዘይት ጨምር፣ ድምፁ ይጠፋል የሚለውን ምክር በአጭሩ ልለፈው። የሚታየው ውፍረቱ ብቻ አይደለም። በዘይት ለሚነከር ክላች ጃሶ ኤምኤ ወይም ኤምኤ2 የሚል ምልክት ያለው ዘይት ያስፈልጋል፤ ነዳጅ ለመቆጠብ የተሠራ የመኪና ዘይት ዲስኮቹን ያንሸራትታል፣ ያቃጥላቸዋል። ድምፅ ለመሸፈን የሚጨመር ዘይት ደግሞ የጆሮን መረጃ ነጥቆ ጉዳቱን መተው ነው።

እዚህ ላይ የሚያሳዝነኝን ነገር ልናገር። በጎንደር አቅራቢያ በወለቃና በሌሎችም መንደሮች ቤተ እስራኤል ብረት ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። በዙሪያቸው ያለው ገበሬ ማረሻውና ማጭዱ ሲዶለዱም ወደ እነሱ ነበር የሚያመጣው። አያቶቻችን በሙያቸው ተሰድበዋል፣ ቡዳ ተብለዋል፣ ሥራውን ግን አልተዉም፤ የደነዘውን ብረት ከእሳት አውጥተው መልሰው ይስሉት ነበር። ዛሬም በባሕር ዳር ከተማ ጎዳና የባጃጅ መካኒክ ክላች ፈትቶ ያለቀውን ዲስክ ብቻ ለይቶ ሲቀይር ይታያል፤ የባጃጁም ክላች እንደኛው በዘይት ውስጥ የተደረደረ ዲስክ ነው። እኛ በነታንያ፣ የተሻለ መብራት፣ የተሻለ መሣሪያና የታተመ መጽሐፍ ይዘን፣ ልጆቻችንን «አይነካም፣ ጣለው» ብለን እናስተምራለን። ብዙዎቹ ልጆች እጃቸው ለብረት የሚሆን ነው፤ በኢንዱስትሪ ቀጠናው ጋራዦች ተቀጥረው የሚሠሩም አሉ። የምናወርሳቸው ዕቃ መቀያየርን ብቻ ከሆነ ሙያ አላወረስናቸውም።

ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባላል። ክላች ላይ ይህ ምክር በቁጥር ይታያል፦ በጊዜ የተገኘ ጭረት በሞረድ ይድናል፣ የዘገየው ቅርጫት ያስገዛል፤ የጠመመ ብረት በጊዜ ቢወጣ የተለበጡትን ዲስኮች ያተርፋል፣ ከቆየ አቃጥሏቸው ይሄዳል። በሚነዳው ሰው ልማድም ብዙ ይድናል። በቀይ መብራት ማርሽ አስገብቶ ማንሻ ጨብጦ መቆም የመልቀቂያውን ኩሽኔታ በከንቱ ያደክማል፤ ፎሌ አድርጉት። በመንገድ 2 መጨናነቅ ውስጥ ክላቹን ግማሽ ይዞ መጓዝ ዲስኮቹን ይጠብሳል። ማርሽ ሲቀነስ ነዳጅ ትንሽ ነካ ማድረግም ስሊፐር ስላለ የሚቀር ነገር አይደለም።

ስለዚህ ጋራዥ ስትገቡ «ስሊፐር ነው፣ ጠባዩ ነው» ለሚላችሁ ሰው አትፍረዱበት፤ ግን አትቀበሉት። የወጡት ዲስኮች በጠረጴዛ ላይ ይደርደሩ በሉ። የእያንዳንዱ ውፍረት ስንት ነው? የብረቱ ጥመት ስንት ነው? የሞላው ርዝመት ስንት ነው? ጣቶቹን በጥፍሬ ልንካቸው፣ ተዳፋቱን በእጄ ላዙረው በሉ። መጽሐፉ ገደቡን ጽፎታል። የእናንተ ዕቃ ከዚያ ገደብ በላይ ይሁን በታች በሚሊሜትር የሚነግራችሁ ሰው እስኪገኝ ድረስ ሙሉ ክላች አትግዙ፤ የሚነጥቀውንም ሞተር ወደ ፖሌግ መውጫ ይዛችሁት አትውረዱ።